ሃያ ስድስት ቀን ማንም እንዳይሞት

በ2068 ዓ.ም. በጉምር ቀበሌ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ጤና አልነበረም። «ስንት አደረ?» ይባባላል። የተጠየቀውም ቁጥሩን ይናገራል። «አርባ ሁለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «ስልሳ፣ ምን ይደረግ» ይላል፤ ልጆቹና ከብቶቹ የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ በየማሳው አፈር ውስጥ ያደረው የደቃቅ መጠን ነው። ደቃቅ የሚሉት ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፣ ከልብሱ፣ ለፀሐይ ተብሎ ከሚቀባው ቅባት እየተራገፈ በውሃ የሚወርደውን፣ ዓይን የማያየውን የብረታ ብረት ኦክሳይድ ብናኝ ነው። አፈሩን የሚለካው መሥሪያ ቤት ሌላ ረጅም ስም አውጥቶለታል፤ ጉምር ላይ ግን ረጅሙን ስም የሚጠራበት ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው የለም።

የወይዘሮ ኤልዳና ቁጥር ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር።

ይህን የሚነግራት በማሳዋ ራስጌ የተተከለው ምሰሶ ነው። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የዜና አንባቢ በሚመስል ለስላሳ ድምፅ፣ «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ኤልዳና። ማሳዎ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሆኖ አድሯል። መልካም ቀን ይሁንልዎ» ይላል። ድምፁ እስከ ሦስተኛው ጎረቤት ስለሚሰማ የመንደሩ ሰው ምሰሶውን ወሬኛው ብሎ ሰይሞታል። ኤልዳና አንድ ሰሞን ጋቢ ደርባበት ነበር። ወሬኛው በጋቢው ውስጥ ሆኖ ሰላምታውን አልተወም፤ ይልቁንም «እባክዎ ዕይታዬን አይከልክሉ» የሚል ጨመረበት።

አራት መቶ የገባ ማሳ ይታሸጋል። በመሥሪያ ቤቱ አነጋገር «ያርፋል»። ነጭ ልባስ ይለብስና ሠላሳ ዓመት ሰውም ከብትም አይረግጠውም። ባለቤቱ ደግሞ ስለ ትብብሩ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ተደርጎ ይሰጠዋል። ኤልዳና ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሒሳቡን ለመሥራት አስተማሪ አላስፈለጋትም፤ ማሳዋ ከዕረፍቱ ሲነሣ እሷ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ይሆናል። «ያኔ ነው እንግዲህ ጎንበስ ብዬ ነጭ ሽንኩርት የምተክለው» ትላለች፣ ወገቧን ይዛ እየሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም ነበር። ሁለት ጥማድ መሬት ናት ያለቻት። ከባሏ ከዮናታን ጋር ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመው ያቀኗት፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብቻዋን የምታርሳት ናት። ያቺ ከታሸገች ኤልዳና ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት የላትም።

የሚያናድደው ደግሞ የሌላው ሰው ቁጥር ነው። ከእሷ በታች ያሉት ሁለቱ ማሳዎች አርባ ሰባትና ሃምሳ ሁለት ናቸው። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። ቦዩ ከጉምር ወንዝ ተጠልፎ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው የናሆምን ማሳ፣ ቀጥሎ የእሷን፣ ከዚያ የታችኞቹን ነው። ስለዚህ ኤልዳና ጥፋተኛውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደችም።

አቶ ናሆም እኩያዋ ነው፤ አብረው ፊደል ቆጥረዋል። ከቤቱ ማማር በቀር ምንም የማያሳስበው ሰው ነው። ጣሪያው ከመንጣቱ የተነሣ ወፍ እንኳ ለማረፍ ያመነታል። ያም አልበቃው ብሎ በየቅዳሜው መሰላል ላይ ወጥቶ በጎማ ቱቦ ያጥበዋል።

«ናሆም! ውረድ!» አለች አንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ። «ጣሪያህን እኔ ማሳ ላይ ማጠብህን አታቆምም?»

«ጣሪያዬን የማጥበው ጣሪያዬ ላይ ነው» አለ ናሆም፣ ቱቦውን ሳይዘጋ።

«እድፍህ ወደ እኔ ነው የሚወርደው!»

«የእኔ ማሳ ስንት አደረ? ጠይቂኝ እስቲ።»

ኤልዳና አልጠየቀችም። ታውቀዋለች፤ የእሱ ማሳ ወሬኛም ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ሃያ ዘጠኝ!» አለ ናሆም። «ከእኔ የሚወጣ ቢሆን መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ወይስ ደቃቁ እኔን ሲያይ አፍሮ፣ አጥሬን ዘሎ ነው አንቺ ዘንድ የሚመጣው?»

ኤልዳና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። መረታት ደግሞ ለእሷ ከረሃብ የከፋ ነገር ነው። ቤቷ ገብታ እስከ ማታ ድስቶቿን ስታጋጭ ዋለች። ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተች።

የመጣችው መርማሪ ጠጂቱ ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የዚያ ዘመን ነገር እንዲህ ነበር፤ ስልሳ የተጠጋው ሁሉ ኤልዳና፣ ናሆም፣ ሶልያና ይባላል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ዘመናዊ ይሁኑ ተብለው ጠጂቱ፣ በላቸው፣ ወርቅያንጥፉ ተብለዋል። ጠጂቱ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ቦዩን ከራሱ እስከ እግሩ ሦስት ቀን ተመላለሰችበት። በየሃያ እርምጃው ጎንበስ እያለች ውሃና ጭቃ ትቀዳለች፤ ትጽፋለች፤ እንደገና ትሄዳለች። ኤልዳና ከኋላዋ እየተከተለች የናሆምን ጣሪያ ብትጠቁማት ብትጠቁማት ልጅቷ ቀና ብላ አላየችውም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠጂቱ ማሳው ዳር ተቀመጠች።

«እትዬ ኤልዳና፣ የጣሪያ አይደለም» አለች። «የጣሪያ ደቃቅ መልኩ ሌላ ነው። ይሄ ቲታኒየም ኦክሳይድ ነው፤ የድንኳን ጨርቅ ላይ የሚደረገው። በዚህ ቀበሌ ትልቅ ነጭ ድንኳን ያለው ማን ነው?»

በቀበሌው ያለው ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ ነው። የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ደግሞ እሷ ራሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው በሞተ ቁጥር፣ በሠልስቱ ማግስት ሠላሳ ሴቶች አሰልፋ ድንኳኑን ቦዩ ራስ ላይ የምታሳጥበው እሷ ናት። እንደ እሷ ጥርት አድርጎ የሚያሳጥብ እንደሌለ ወረዳው ሁሉ ያውቃል። ጨርቁን በአመድና በቡሩሽ እስኪንጫጫ ድረስ ታስፈትገዋለች።

«እስቲ አሳዩኝ» አለች ጠጂቱ።

ኤልዳና የእድሩን መጋዘን ከፈተችላት። ልጅቷ የድንኳኑን ጠርዝ ገለባብጣ ከስፌቱ ሥር የተደበቀች ጥፍር የምታክል ጨርቅ አወጣችና አነበበች። «ይህ ጨርቅ ራሱን በራሱ በፀሐይ ያጸዳል። አይታጠብ። አይፈተግ።»

«አይታጠብ?» አለች ኤልዳና። «የእድር ድንኳን? ሳይታጠብ?»

«እድፍ እኮ አይዝም፣ እትዬ። በፈተጋችሁት ቁጥር የምታነሡት እድፉን ሳይሆን ደቃቁን ነው።»

ኤልዳና የድንኳኑ ጥቅል ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሲያመሰግናት የኖረው ለዚህ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገባትም። ከቦዩ ራስ እስከ እሷ ማሳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደቃቁ መንገድ ላይ ያንን ሁሉ አልፎ፣ የናሆምን አልፎ፣ ለምን እሷ ዘንድ ይቆማል?

ጠጂቱ ሦስት ጠርሙስ አውጥታ መደብ ላይ ደረደረች። በመጀመሪያው የቦይ ውሃና የድንኳኑን ጠርዝ ፈትጋ ያገኘችውን እጣቢ አደረገች። በሁለተኛውም እንዲሁ አድርጋ፣ ከጎረቤት ያስመጣችውን አንድ ጭልፋ አተላ ጨመረችበት። «እንግዲህ ምሳ እንብላ» አለች። ሽሮ በልተው ሲመለሱ የመጀመሪያው ጠርሙስ ጠርቷል፤ ታቹ ላይ ነጭ ነገር ተቀምጧል። አተላ ያለበት ግን እንደደፈረሰ ነው።

«ደቃቁ ብቻውን ሲሆን ዘመዱን ይፈልጋል» አለች ጠጂቱ። «ይያያዛል፣ ይከብዳል፣ እዚያው ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል። አተላ ሲያገኝ ግን አተላውን ይለብሰዋል። ከለበሰ በኋላ ከዘመዱም አይጣበቅ፣ ከአፈሩም አይጣበቅ፤ ዝም ብሎ ይጓዛል። ድንኳኑ ሲታጠብ አተላ ምን ያደርጋል እዚያ?»

«የሠልስቱ ጋን ነዋ! ጋኑም እዚያው ነው የሚታጠበው።»

«በሉ እንግዲህ ከማሳዎ አንድ እፍኝ አፈር ያምጡልኝ።»

ኤልዳና አፈሩን አመጣች። ጠጂቱ የደፈረሰውን ውሃ ከፍላ ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ቀዳችና አፈሩን በተነችበት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ውሃው ቀስ በቀስ ከላይ ወደ ታች እየጠራ ሄደ፤ ደቃቁ ከአፈሩ ጋር ተቃቅፎ ወረደ።

«ኖራ ያደርጉበታል አይደል?»

«በየዓመቱ» አለች ኤልዳና። በዚህ የማትኮራበት ቀን አልነበረም። የጉምር አፈር ኮምጣጣ ነው፤ የግብርና ሠራተኛው ኖራ በትኑ ካለ ጀምሮ በየዓመቱ ሳታጓድል ከረጢቱን በጀርባዋ ተሸክማ የበተነች እሷ ብቻ ናት። ናሆም አንድ ዓመት ሞክሮ ወገቤን አመመኝ ብሎ ተወ።

«ኖራው ነው የሚያስቆመው። የአቶ ናሆም ማሳ ላይ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ይገባል፣ ይወጣል። ከእርስዎ በታች ያሉት ደግሞ ንጹሕ ውሃ የሚጠጡት እርስዎ እያጣሩላቸው ነው።»

«ማለት» አለች ኤልዳና ቀስ ብላ፣ «ናሆም ሃያ ዘጠኝ የሆነው ስለሚተኛ ነው?»

«እንዲያ ማለትም ይቻላል» አለች ጠጂቱ፣ ሳቋን ለመደበቅ ቦት ጫማዋን እየነካካች።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ባለማሳው የደቃቁን ምንጭ ፈርሞ ካስመዘገበ ማሳው አይታሸግም፤ ምንጩ ግን ተወስዶ ይቀበራል። ካልፈረመ ምንጩን ማንም አይነካውም፤ ማሳው አራት መቶ ሲገባ ግን ያርፋል። ጠጂቱ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ኤልዳና ብዕሩን ይዛ ጎንበስ አለች፤ እዚያው ላይ እጇ ቆመ። መቶ አርባ አባወራ ስድስት ዓመት አዋጥቶ ነው ያንን ድንኳን የገዛው። ዮናታን የሞተ ጊዜ ነሐሴ ነበር፤ ሦስቱንም ቀን ሰማይ ተቀዶ ሲዘንብ በዚያ ድንኳን ሥር አንድ ለቀስተኛ አልረጠበም። ሰው ሁሉ አጠገቧ ተቀምጦላት ነበር። ያን ጊዜ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት መኖሯን እርግጠኛ አይደለችም።

«አልፈርምም» አለች።

«ታዲያ አያጥቡታ!»

«የእድሩ ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት!» አለች ኤልዳና። ጸሎት የምትደግም ይመስል በቃሏ አነበነበችላት። «በሠልስቱ ማግስት ድንኳኑ በቦዩ ራስ፣ በሚወርድ ውሃ ይታጠብ፤ ሐዘኑ ከውሃው ጋር ይሂድ። ያልታጠበ እንደሆነ የሟች ቤተሰብ ምን ይላል? ሐዘናችን መጋዘን ውስጥ ተቆለፈብን አይልም?»

«ደንብ ይለወጣል።»

«በዓመቱ ጉባኤ ብቻ። የካቲት ሁለተኛው እሑድ ነው።» በጣቷ ቆጠረች። «ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል።»

ጠጂቱም በበኩሏ ቆጠረች። ድንኳኑ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ማሳው ላይ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ይጨምራል። ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ አሥራ ሁለት ሲደመር ምን እንደሚሆን ሁለቱም ጮክ ብለው መናገር አልፈለጉም። ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔ ያየሁት ደቃቅ ነው፤ ድንኳን አላየሁም» አለች። «በሰላም ይሰንብቱ፣ እትዬ። መንደሩንም ሁሉ ጤና ይስጥልን።»

ኤልዳና በዚያው ከሰዓት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሚኪያስ ሄደች። አስቸኳይ ስብሰባ ጥራልኝ አለችው። ሚኪያስ ደንብ የሚወድ ሰው ነው፤ መነጽሩን አጥልቆ ገጹን ገለጠ።

«አስቸኳይ ስብሰባ የሚጠራው» ብሎ አነበበ፣ «ከአባላቱ አንዱ ሲሞት ነው።»

«እኔኮ የምለው ሰው እንዳይሞት ነው!»

«እሱ በደንቡ የለም» አለ ሚኪያስ፣ መጽሐፉን እየዘጋ።

እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው። ከመቶ አርባ አባወራ፣ ከነልጅ ልጁ፣ ለሃያ ስድስት ቀን ማንም መሞት የለበትም። ኤልዳና ይህን ስታስበው እግዚአብሔርን ትንሽ አፈረችው፤ ቢሆንም ከማግስቱ ጀምራ ወደ ሥራ ገባች።

ሞተር ብስክሌት የሚነዱትን ጎረምሶች መንገድ ላይ እያስቆመች የራስ ቁር ካላደረጋችሁ አታልፉም አለች። ማር የሚቆርጠውን ሰውዬ ዛፍ ላይ አይታ ከታች ፍራሽ አነጠፈችለት። ሆዱን ያመመው፣ ያስነጠሰው፣ «ደከመኝ» ያለ ሁሉ ቤት ደርሳ ጤና ጣቢያ ሄደህ ካልታየህ ብላ ትቆማለች። መንደሩ መጀመሪያ ተገረመ፤ ቀጥሎ ደስ አለው። ኤልዳና ምላሷ ቢከፋም ሆዷ ደግ ነው ተባለ። እሷም ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይቀላል።

ቅዳሜ ሲመጣ ናሆም እንደ ልማዱ መሰላሉን አቆመ። ገና ሦስተኛው እርከን ላይ ሳለ የኤልዳናን ጩኸት ሰማ።

«ናሆም! ውረድ! ብትወድቅስ!»

«ስድስት ወር ሙሉ ውደቅ ስትይኝ አልነበረም?»

«ያኔ ሌላ ነበር! ውረድልኝ፣ በእናትህ! የካቲት ካለፈ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ።»

መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች። ናሆም ወረደ። ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለው መሰለኝ፤ በማግስቱ ጸጉሩን ተቆርጦ ቤተ ክርስቲያን ታየ። ኤልዳና ይህን ልብ አላለችም፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ሐሳቧ አያ ስንሻው ዘንድ ነበር። አያ ስንሻው ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ አልጋ ከያዙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ ቄስ ተጠርቶላቸው ሁለት ጊዜ ከሞት ደጃፍ ተመልሰዋል። ልጃቸው እመቤት፣ አርቆ ማሰብ አይከፋም ብላ፣ «ድንኳኑን አናፍሽልኝ» የሚል መልእክት ለኤልዳና ልካላት ነበር። ኤልዳና ድንኳኑን ከማናፈስ ይልቅ ዶሮ አረደች። ሾርባውን በነጭ ሽንኩርት አጥግባ፣ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

በማግስቱም ሄደች። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም። ሽማግሌውን ደግፋ ታስቀምጣለች፣ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሳለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች። ገበጣ ይወዱ እንደነበር ሰምታ ገበጣ ይዛ መጣች። አያ ስንሻው ተኝተው ይጫወታሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ጠጠር ለመስረቅ ገና ጎበዝ ነው። ኤልዳና እያየች ዝም ትላለች። በሰባተኛው ቀን አያ ስንሻው ጠጠሩን ወረወሩት።

«አውቀሽ ነው የምትሸነፊው» አሉ። «አውቆ የሚሸነፍ ሰው የሚፈልገው ነገር አለው። ምንድን ነው? መሬት የለኝ። ወርቅ የለኝ። ተናገሪ።»

ኤልዳና ልትዋሽ ነበር፤ ግን የሽማግሌው ዓይን ፊቷ ላይ ተተክሏል። ነገረቻቸው። ድንኳኑን፣ አተላውን፣ ኖራውን፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኙን፣ የካቲት ሁለተኛውን እሑድ። መጨረሻ ላይ «እናም አያ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «እስከዚያ እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው።»

አያ ስንሻው መጀመሪያ የተረዱ አልመሰሉም። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ሲመጣ ሳልም አብሮት መጣ፤ ኤልዳና ገደልኳቸው ብላ ደንግጣ ጀርባቸውን ትደበድብ ገባች።

«ልጆቼ ሁሉ እያለቀሱ ነው የሚያዩኝ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ የሚለኝ ‹በሰላም ይሂዱ› ነው። ‹ቆይ› ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ስንት ቀን ቀረ?»

«አሥራ ሰባት።»

«እሞክራለሁ። ገበጣውን ግን ከልብሽ ተጫወቺ።»

ከዚያ ወዲያ ከልቧ ተጫወተች፤ አያ ስንሻውም ከልባቸው ሰረቁ። ስድብ ተለዋወጡ። ሽማግሌው ስለ ድሮ ዘመን ያወሩላታል፤ ሰው ጎረቤቱን «ስንት አደረ» ሳይሆን «እንዴት አደርህ» ይል ስለነበረበት ዘመን። ኤልዳና ከዮናታን ሞት ወዲህ ከሰዓት በኋላ የሚያናግራት ሰው አልነበራትም። ከቤት ስትወጣ ወሬኛው የነገራትን ቁጥር እስክትረሳ ድረስ ትቸኩል ጀመር።

ጉባኤው ስድስት ቀን ሲቀረው እመቤት በሩጫ መጣች። አያ ስንሻው ትኩሳት ይዟቸዋል፤ ሰው አይለዩም። ኤልዳና ማረሻዋን ጥላ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በውሃ እየነከረች ግንባራቸው ላይ አደረገች። የጤና ጣቢያው ልጅ መርፌ ወጋቸው። ቄሱም መጥተው ደገሙ። ኤልዳና እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ጌታዬ፣ ተዋቸው፣ እባክህ ተዋቸው» ስትል ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ አያ ስንሻው ዓይናቸውን ገልጠው «ተራው የማን ነው?» ሲሉ ኤልዳና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው ያስተዋለችው፤ ያን ሁሉ ሰዓት ስትጸልይ ስለ ማሳው አንዴም አላሰበችም።

የካቲት ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ማንም አልሞተም። መቶ አርባው አባወራ በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ወሬኛው በዚያ ጠዋት ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ብሎ ነበር።

ኤልዳና ተነሥታ ሁሉንም ተናገረች። አሥራ አንድ ዓመት የማይታጠብ ድንኳን ሳሳጥባችሁ ኖሬአለሁ አለች። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ።

«ስድስት ወር ሙሉ ጣሪያዬን ስትሰድቢ!» አለ ናሆም ከመቀመጫው ዘሎ።

«ስለ ጣሪያው ይቅርታ» አለች ኤልዳና። ይህን ቃል ከአፏ ለማውጣት ጥርስ ከመነቀል አልተናነሰባትም። «ኖራ አለመበተንህ ግን ስንፍና ነው።»

«አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፉት አባቶች ናቸው» አለ ሚኪያስ መነጽሩን እያስተካከለ። «ሐዘን ከውሃ ጋር ይሂድ ሲሉ ምክንያት ነበራቸው። እኛ ማን ነንና ነው የምንሽረው?» ብዙ ራስ በአዎንታ ተነቀነቀ። ኤልዳና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። አራት ሰዎች አንድ ወንበር ተሸክመው ገቡ፤ ወንበሩ ላይ አያ ስንሻው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አዳራሹ ብድግ አለ።

«አባቶች የምትለው እኔን ነው» አሉ ሚኪያስን። «አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዳኛ ነበርኩ። ድንኳኑ ሸራ ነበር፤ ሦስት ቀን ሰው ከዋለበት ይከረፋል። ውሃ ያለው ደግሞ ቦዩ ራስ ላይ ብቻ ነው። ሴቶቹ ራቀን ብለው አጉረመረሙብኝ። ሐዘኑ ከውሃው ጋር ይሂድ ስላቸው ዝም አሉ። ይኸው ነው ምክንያቱ።»

ከኋላ በኩል የሰማንያ ዓመቷ እማማ ተዋቡ ተነሡ። «ስንሻው!» አሉ፣ «ይሄን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ዘመን ዳገት ለዳገት ሸራ የተሸከምኩት?» ሽማግሌው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ።

ድንኳኑ ከእንግዲህ በፀሐይ እንዲናፈስ ብቻ፣ አተላውም ቦይ መግባቱ ቀርቶ ለበሬዎች እንዲሰጥ ተወሰነ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ናሆም ነው፤ እያወጣም ኤልዳናን ነበር የሚያየው። ሚኪያስ አዲሱን አንቀጽ ሲጽፍ ኤልዳና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ማሳዋ ተርፏል። ደስታው ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አልዘለለም፤ ቀስ ብሎ ገባ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጎማ ያለው ወንበር ከጤና ጣቢያ ተውሰው ነበር፤ የምትገፋው ኤልዳና ናት። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። የእድሩ መጋዘን ጋ ሲደርሱ አያ ስንሻው እጃቸውን አነሡ፤ ቆመች።

«ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ» አሉ። «ድንኳኑ አይታጠብም። ማሳሽን የሚነካው የለም። እንግዲህ ደክሞኛል፣ ልጄ። አሁን ልሂድ ብል ይፈቀድልኛል?»

ኤልዳና ከወንበሩ ኋላ ስለነበረች ፊቷን አላዩትም። «ድንች ልተክል ነው» አለች።

«መቼ ይደርሳል?»

«ሰኔ።»

«ድንችና የእኔ ሞት ምን አገናኛቸው?»

«ምንም አያገናኛቸውም፣ አያ» አለች። «ምንም። እስከ ሰኔ ግን ይቆዩልኝ።»

አያ ስንሻው ወደ ሰማዩ ቀና ብለው ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።

«ሰኔማ ዝናብ ነው፤ ለቀብር አይመችም» አሉ። «እስከ መስከረም እናየዋለን።»